ርካሽ ጊታር ለምትገዙ ልጆች

ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጭንቅላቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «ጊብሰን» ተጽፎበታል። «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው? በስንት ብወስደው ያዋጣኛል?» ይላል።

ፎቶው ከፊት ብቻ ነው የተነሳው። ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ሽፋን ግን በሦስት ቪቴ ተይዛለች። የእውነተኛው ጊብሰን በሁለት ነው የምትያዘው። ደግሞም ጊብሰን የሚል ስም ያለው ጊታር አሜሪካ ነው የሚሠራው፤ የቻይናው ፋብሪካቸው የሚያወጣው ኤፒፎን በሚለው ስም ነው። ስለዚህ መልሱ አላስቸገረኝም። «አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት። አመሰገነኝና ሄደ።

እኔን ግን ያ ወርቃማ ጽሑፍ ሌላ ጊታር አስታወሰኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ደሴ ውስጥ ኪነት የሞቀበት ጊዜ ነበር። እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ የቡድኑን ዕቃ እሸከማለሁ። ስፒከር፣ የሽቦ ጥቅል፣ የከበሮ እግር፣ የተባልኩትን ሁሉ። ሊድ ጊታር የሚጫወቱትን ሰው «አያ» ነበር የምንላቸው። ቀን ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ማታ ጊታር ይይዛሉ። የመርፌ ወጋ ወጋ ያለበት ጣታቸው ክር ላይ ሲያርፍ ሌላ ጣት ይሆናል።

ጊታራቸው ስም አልነበረውም። አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረ ዘመዳቸው ከመርከበኛ ላይ ገዝቶ ነው ያመጣላቸው። ጭንቅላቱ ባዶ እንጨት ነው። ቀለሙ ዳር ዳሩን ጠቁሮ መሀሉ ላይ እንደ ማር ይበራል። ጀርባው ላይ፣ አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ቦታ፣ በአራት ቪቴ የታሰረች የብረት ሳህን አለች። ሳህኗ ላይ ጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። ቆሻሻ ሞልቶት ስለነበር ማንም አንብቦት አያውቅም። ከሌላ ከተማ የመጡ ቡድኖች ስማቸው የሚያብረቀርቅ ጊታር ይዘው ሲወጡ የኛዎቹ ጎረምሶች ያፍሩ ነበር። «አያ፣ ይሄ እኮ አባቱ የማይታወቅ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አያ ይስቃሉ። ከዚያ አምባሰልን ይጀምሩና ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ። ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች) አልፈው ይወጡና ክሩን ገፋ፣ ለቀቅ ያደርጉታል። አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ለዝግጅት ወረድን። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ በአሰብ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ። ጊታር ይዟል። አዲስ ነው፣ ቀይ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ የወርቅ ፊደል አለ። «ያንተን ስጠኝና ትንሽ ብር ጨምርልኝ» አለ። ጎረምሶቹ ተነሱ። «አያ፣ ዕድል በር ስታንኳኳ!» አሉ። አያ አመነቱ። ጊታሩን ተቀብለው ሁለት ሦስት ኮርድ መቱበት፣ ሁሉንም ታች፣ መቃኛው አጠገብ። ጥሩ ጮኸ።

ከሹፌሩ ጋር አንድ ዝምተኛ ሰው ነበር። የኛን ጊታር አነሳው። ፊቱን አላየውም። ገልብጦ የብረት ሳህኗን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረጋት። ከዚያ ጊታሩን ወደ ትከሻው አምጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ጠመንጃ አነጣጣሪ በአንገቱ ጠርዝ በኩል አሻግሮ ተመለከተ። ጣቱን በፍሬቶቹ ጫፍ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራተተ። አንድም ቃል አልተናገረም። ለሹፌሩ ብቻ ራሱን ነቀነቀለት። ሹፌሩ ወዲያው ተስማማ፤ በጭማሪው ብር ላይ እንኳ አልተከራከረም። እኛ ተታለለልን ብለን ደስ አለን። ሻይ ጋበዝነው!

ክረምት ገባ። የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለ እንጨት ሁሉ ይሰማዋል። የአዲሱ ጊታር አንገት ጎበጠ፣ ቀጥሎም ተጣመመ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በእንጨቱ መሀል ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር። የወርቁ ፊደል ስቲከር ሆኖ ተገኘ። አያ አንድ ማታ እየሳቁ በጥፍራቸው ላጡት።

እንግዲህ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አያ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አልወጡም። ላይኛው ፍሬት ቃና ስለማይይዝ ከአምስተኛው በታች ባለው ብቻ ይጫወቱ ነበር፤ ማጀብ ብቻ። አምባሰሉን ለኪቦርድ ሰጡት። ሌላ ጊታር የሚገዛ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ያንን አጨዋወት ደግሞ ማንም አልቀዳውም። ዛሬ «እንዴት ነበር?» ብትሉኝ በአፌ እንኳ ላሰማችሁ አልችልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ጥገና ሥራ ገባሁ። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ከዚያ አምፕሊፋየርና ጊታር። አንድ ቀን ልክ እንደዚያች ያለች የብረት ሳህን እጄ ገባች። በቤንዚን አጠብኳት። «ሜድ ኢን ጃፓን» ትላለች። በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ እንደ ቴይስኮና ካዋይ ያሉ የጃፓን ፋብሪካዎች በብዛት ጊታር ይሠሩ ነበር፤ ገዢው የፈለገውን ስም ለጥፎ ይሸጠዋል፣ አንዳንዱም ያለ ስም ይወጣል። ሁሉም ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከመሀላቸው ለማገዶ የሚሻል ጠግኛለሁ። የአያ ግን ከጥሩዎቹ ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው አውቆታል።

ዛሬም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ኢንዶኔዥያ ያለው የኮርት ፋብሪካ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለስኳየርም፣ ለሌሎችም ትልልቅ ስሞች ይሠራል። ስኳየር ማለት የአሜሪካው ፌንደር በአውሮፓውያኑ 1982 በጃፓን ያስጀመረው ርካሽ መስመር ነው። ኋላ ሥራው ወደ ኮሪያ፣ ከዚያ ወደ ቻይናና ኢንዶኔዥያ ሄደ። ስለዚህ «የቻይና ነው» ብሎ ማንቋሸሽ የማያውቅ ሰው ወሬ ነው። መለያ ቁጥሩን አንብቡ። ስኳየር ላይ በ«አይሲኤስ» ከጀመረ ኢንዶኔዥያ ኮርት ነው፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው፣ 19 ካለ በአውሮፓውያኑ 2019። ፌንደር ላይ «ኤምኤክስ» ካለ ሜክሲኮ ነው። ግን ስም የሚለጥፍ ሰው ቁጥርም ይለጥፋል። ቁጥሩ ሜክሲኮ እያለ ገላው ኮምፔርሳቶ ከሆነ ቁጥሩን አትመኑ። እንዴት ይታያል? ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። የፊቱን ፕላስቲክ ፍቱና ፒካፑ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት) የተቀበረበትን ጉድጓድ ጎን እዩ። ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ እንጨቱ እንደ እንጀራ ድርብርብ ከሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። ሻጩ «አይፈታም» ካለ ጊታሩን አስቀምጣችሁ ውጡ።

አንገቱን እንደዚያ ሰውዬ እዩት። ክር ያልታሰረበት ጊታር ግን አትግዙ። ክር ሳይወጠርበት የአንገቱ ጉብጠት በትክክል አይታወቅም። አንዴ ባቲ ሰኞ ገበያ አንድ ሰውዬ ክር የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር ጃንጥላ ላይ ሰቅሎ ሲሸጥ አየሁ። «ምንድን ነው?» ስለው «ትልቅ ክራር» አለኝ። ወላሂ እስካሁን ስቄ አልጠገብኩም። ዋጋው ግን የክራር አልነበረም።

ትንሽ መጎበጥ አያስፈራም። አንገቱ ውስጥ ረጅም ብረት አለ፣ በቁልፍ ሲዞር ያቃናዋል። ቁልፉ የሚሠራ መሆኑን ሩብ ዙር አዙራችሁ እዩ። መጣመም ግን ሌላ ነው። አንዱ ጠርዝ ሲወጣ ሌላው ከወረደ፣ ያ ጊታር ዋጋው የመለዋወጫ ዋጋ ነው።

ቀጥሎ ቃናውን። ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ አለ፣ አውቃለሁ፤ ዛሬ በጆሮው የሚቃኝ ልጅ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ችግር የለም፣ ቃኙበት። ከዚያ የባቲን ቅኝት ተጫወቱ። ትዝታ አይደለም። የሜጀሩ ትዝታ ግማሽ ድምፅ ስለሌለው የጊታሩን ጉድ ይሸፍናል። ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ነው። ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ላይኛው ዶ ያለው አንድ ፍሬት ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው በላይ ስትጫወቱት ሲና ዶ ከተጣሉ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ችግሩ ክሩ ታች ከሚያርፍባት ብረት ከሆነ በቪቴ ይስተካከላል። ከፍሬቱ አሰካክ ከሆነ አይድንም። ለማጣራት ሜትር አውጡ። የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ዓይነት ከሆነ፣ ክሩ ከጭንቅላቱ ወርዶ መጀመሪያ ከሚያርፍባት ትንሽ ዘንግ (ነት) እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የሙሉው 648 ግማሽ።

ቮልዩሙ ሲዞር ቢንጫጫ፣ ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ቢላላ አብሽሩ። ትንሽ እስታኞና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ይልቅ ሻጩ ፊት ፊታችሁን አጨፍግጉ።

ዋጋ። ቁጥር ብጽፍላችሁ በወሩ ይሻራል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ሳይቀር ከዶላር ጋር ይሮጣል። ለማነጻጸሪያ አዲስ ጀማሪ ስኳየር ወይም የያማሃን ታናሽ ፓሲፊካ ውሰዱ። አዲስ አበባ ሱቅ ደውላችሁ ዛሬ ስንት እንደገባ ጠይቁ። እኔ ላገለገለ ጤነኛ ጊታር ከዚያ ግማሽ ጀምሬ እስከ ሁለት ሦስተኛ እሄዳለሁ። መቃኛው ከላላ የአዲስ መቃኛ ዋጋ ቀንሱ። ፍሬቱ ክሩ ሥር ከተቦረቦረ የጠጋኝ ዋጋ ቀንሱ። ሐሰተኛ ስም ያለበትን ስም እንደሌለው ቆጥራችሁ ግዙ፤ ጥሩ አንገት ካለው ግን ግዙት እንጂ አትናቁት። ስቲከሩን ላጡት።

ይህን ሁሉ ስለ ስም ከንቱነት ከደሰኮርኩ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ጊታር ሲፈልግ ምን አስገዛሁት? ያማሃ። ፓሲፊካ 112። ሳልፈታው፣ ሳልለካው። ኢንዶኔዥያ ነው የሚሠራው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ብዙ ልዩነት አይቼበት አላውቅም። ሰው በስም ያምናል፣ እኔም ያው ሰው ነኝ።

እናንተ ግን ጊታር ከመያዛችሁ በፊት ፔዳል ትገዛላችሁ። ድምፁን አሥር ጊዜ አዛብታችሁ ስታበቁ ጊታሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ታውቃላችሁ? ስትሞክሩ በንጹሕ ድምፅ ሞክሩ። ከተቻለ መጀመሪያ ያለ አምፕሊፋየር። ጥሩ አንገት ያለው ጊታር ሳይሰካም ደረታችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ከደሴ ገዝታችሁ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ የምትወርዱ ልጆች፣ በወሩ «የፍሬቱ ጫፍ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ተሸወድኩ» እያላችሁ ትመጡብኛላችሁ። አልተሸወዳችሁም። ደረቅ ሙቀት ውስጥ እንጨቱ ይሸሻል፣ ብረቱ አይሸሽም፣ ጫፉ ይወጣል። በቀጭን ሞረድ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ መሞረድ ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቆላ ላይ ያገለገለ ጊታር ስትገዙ ግን ይህንን ለሻጩ አትንገሩት። ጣታችሁን አሳዩትና ዋጋ አስቀንሱ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።