መልስ፦ ውርጭ በበረታበት ዓመት «ምድር ሞቀች» ቢባል ማን ያምናል?

ጠያቂያችን፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ጥቅምትና ኅዳር ውርጩ እንዲህ እየበረታ፣ ሰው የምድርን መሞቅ እንዴት ይመን?» ብለዋል። ሰው በአብዛኛው የሚፈርደው በተሰማው ነው፤ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሰዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ዕለቱ ከወትሮው ሞቋል ያሉት መላሾች በምድር መሞቅ ይበልጥ የሚያምኑና የሚሰጉ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ውርጩ ግን ማስተባበያ አይሆንም። በበጋ ሰማዩ ሲጠራና አየሩ ሲደርቅ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ስለምትለቅ፣ ጠዋት የባቄላው ቅጠል እንደተቀቀለ ጠውልጎ ይገኛል፤ የአየር ንብረት የሚለካው ግን በተለምዶ በ30 ዓመት አማካይ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው የመንዝ ደጋ ነው። በበልግ ገብስ የሚተዳደር ገበሬ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲዘገይ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ያረሰው መሬት ዘር ሳይገባበት ይከርማልና። ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ግን ያንኑ ዓመት እንደ ደህና ዘመን ሊያስታውሰው ይችላል።

ሆኖም ገጠመኝ ለውጡን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የዝናቡን መቅረት አብረው ካዩ ሁለት ሰዎች አንዱ የፈጣሪ ቁጣ፣ ሌላው የደን መመናመን ነው ሊል ይችላል (የኋለኛው ከፊል እውነት አለው)፤ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ለክርክርዎ የአካባቢዎን ሽማግሌዎች ትዝታ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ የረጅም ዓመታት መዝገብ ጋር አስተያይተው ቢያቀርቡት ይሻላል።