ኦሪት ከመክፈት በፊት የሚባለው ቡራኬ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ዕብራይስጥና ኦሪት እማራለሁ። ማታ መብራት ስለሚጠፋ ተኝቼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ነው የማጠናው፤ ምኩራብ የምሄደው ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። የኦሪቱን ቡራኬ እዚያ ደርሼ ከሌላው ጋር ብል አይበቃም? ውኃ በሌለበት ቀንስ እጄን ሳልታጠብ ቡራኬ ማለት ይፈቀዳል?

መልስ፦ አይበቃም። መጽሐፉን 10 ሰዓት ከገለጡ ቡራኬውም 10 ሰዓት ነው። ሹልሃን አሩኽ (የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ) ኦራሕ ሓዪም በሚባለው ክፍሉ ምዕራፍ 47 ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ባርኮ እንዲማር፣ ምኩራብ ሲደርስም እንዳይደግም ያዛል። ነገሩ እንደ እንጀራ ቡራኬ አይደለም። እንጀራ በልተው ተነሥተው በሌላ ሰዓት ሲበሉ እንደገና ይባርካሉ፤ የኦሪት ትምህርት ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጫንቃ የማይወርድ ግዴታ ስለሆነ፣ ገበያ ውለው ቢመለሱም የጠዋቱ ቡራኬ አልተቋረጠም። ከራት በኋላ ቢያጠኑም ለሌሊት እንቅልፍ እስኪተኙ ድረስ ያው ያገለግላል።

ታልሙድ (የጥንት ራቢዎች የሕግ ውይይት ስብስብ) ይህን ቡራኬ የሚያወጣው ከዘዳግም 32፡3 ነው፤ ሙሴ የእግዚአብሔርን ስም ልጠራ ነውና ለአምላካችን ታላቅነትን ስጡ ካለበት ቃል። ከመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ራምባን (ራቢ ሞሼ ቤን ናሕማን) ራሱን የቻለ የኦሪት ትእዛዝ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ራምባም (ራቢ ሞሼ ቤን ማይሞን) ከ613ቱ የኦሪት ትእዛዛት ውስጥ አላስገባውም።

አባባሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው መካከሉ ላይ ነው። ስለ ኦሪት ቃል ያዘዘንን አምላክ ካመሰገንን በኋላ የኦሪት ቃል በአፋችን እንዲጣፍጥ የምንለምንበት ክፍል ይመጣል፤ «ቬሃዓሬቭ ና» ይላል። መነሻዋ ላይ ያለችው «ቬ» ግዕዝ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለችም፤ ያችው «ወ» ናት። «ወ» ካለች ደግሞ ንግግሩ አላለቀም፤ ስለዚህ የሚበዙት ሊቃውንት ሁለቱን እንደ አንድ ቡራኬ ያያሉ። ራምባም ግን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ሰሚው በመካከል አሜን ይበል አይበል በሚል እንዳይቸገር፣ የመጀመሪያውን ክፍል ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለት ይሻላል። ከዚያ ከአሕዛብ ሁሉ መርጦ ኦሪቱን የሰጠንን የምናመሰግንበት «አሼር ባሓር ባኑ» ይከተላል።

ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ ባርኮ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ሥራ መሄድ። ቡራኬ የሚያርፍበት ቃል ይፈልጋል። ሲዱሩ (የጸሎት መጽሐፉ) ወዲያው የካህናቱን ቡራኬ (ዘኍልቁ 6፡24–26) ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ በዕብራይስጥ 15 ቃል ብቻ ነው፣ ጊዜ የለኝም የሚያሰኝ አይደለም። ቀጥሎ ልክ ያልተወሰነላቸውን ነገሮች የሚዘረዝረው የሚሽና (የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ) ክፍል፣ ከእሱም ጋር ከታልሙድ የተወሰደ አለ፤ እንዲህ ሰው ከኦሪቱም ከሚሽናውም ከታልሙዱም ቀምሶ ይነሣል።

ወደ ውኃው እንምጣ። የጠዋቱ መታጠብ ቀኝና ግራ እያፈራረቁ በዕቃ ሦስት ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ነው። የሚፈለገው ልክ «ረቪዒት» በአንዱ ስሌት 86፣ በሌላው 150 ሚሊ ሊትር ግድም ነው። ማታ ከጀሪካኑ ግማሽ ሊትር ቀድተው አልጋዎ አጠገብ ቢያስቀምጡ ይተርፍዎታል። ጭራሽ ከሌለ በንጹሕ ጨርቅ፣ በአሸዋ ወይም በሚያጸዳ ነገር ሁሉ እጅዎን ይጠርጉና በ«ኔቲላት ያዳይም» (እጅ መታጠብ) ፈንታ «ዓል ነኪዩት ያዳይም» (ስለ እጅ ንጽሕና) ብለው ይባርኩ፤ ኦሪትዎን ይክፈቱ። ውኃው ሲመጣ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ፣ ቡራኬ ግን አይደግሙም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕብራይስጥ አታነብም፤ ኦሪትን በአማርኛ ነው የምታነበው። ይህ ቡራኬ እሷን ይመለከታል?

መልስ፦ ይመለከታታል። ሹልሃን አሩኽ ሴቶች እንደሚባርኩ በግልጽ ጽፏል፤ የሚመለከቷቸውን ሕግጋት መማር አለባቸውና። በአማርኛ የተነበበ ኦሪትም ኦሪት ነው፤ የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ሲተረጉሙ የኖሩት ትምህርት እንደነበረ ማንም አይጠራጠርም። የቡራኬው የተወሰነ ቃል የታልሙድ ሥርዓት በመሆኑ ለእናትዎ ትውልድ አዲስ ሊሆን ይችላል። በምትረዳው ቋንቋ ብትለው ግዴታዋን ትወጣለች፤ የእግዚአብሔር ስምና ንግሥናው ብቻ እንዳይዘለል።

ጥያቄ፦ ባርኬ እንደሆነ ሳላስታውስ ጸሎት ጨረስኩ። በሻቩዖት (ኦሪት የተሰጠበት በዓል) ሌሊቱን ሙሉ ሳንተኛ ስንማር አድረንስ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው፣ «ሽማዕ እስራኤል» (እስራኤል ሆይ ስማ) ከሚለው ጸሎት በፊት ያለው የፍቅር ቡራኬ («አሃቫት ዖላም») ኦሪትን እንድንማር ስለሚለምን ይተካል፤ ነገር ግን ጸሎቱ እንዳለቀ ጥቂትም ቢሆን መማር አለብዎ። ለሻቩዖት ልማዱ ይለያያል። በሴፋራዲም (ከስፔን የመጡት አይሁድ ልማድ ተከታዮች) ዘንድ ያልተኛም ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ማለትም ፀሐይ ከመውጣቷ 72 ደቂቃ ግድም በፊት፣ ራሱ ይባርካል። በአሽከናዝ (የአውሮፓ አይሁድ) ልማድ ግን ተኝቶ ከተነሣ ሰው ሰምቶ አሜን ይላል። በዋዜማው ቀን አልጋ ላይ በደንብ የተኛ ግን፣ ሊቁ ራቢ አኪቫ ኤገር እንደወሰኑት፣ ሌሊቱን ባይተኛም በጠዋት ራሱ ይባርካል። ስለዚህ የምኩራባችሁን ልማድ አስቀድማችሁ ራቢውን ጠይቁ፤ ጎህ ቀዶ ሁሉም እንቅልፍ ሲጥለው መከራከር አይመችም።