መልስ፦ ከደረቱ መሳቢያ የወጣው ሰው ምን ማለት ነው?

ጥያቄህ በሱሪያሊስት ስዕል (ህልም የሚመስሉ እንግዳ ነገሮችን በሚያሳይ የሥነ ጥበብ ዓይነት) ውስጥ ሰውነቱ የተከፈተ ወይም ፊቱ የተሸፈነ ሰው ምንን ይወክላል የሚል ነው። እንደ ህልም ፍቺ «ይሄ ማለት ይሄ ነው» የሚል ቁልፍ ከፈለግክ ግን የለም።

ሱሪያሊስቱ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1936 የሳለውን ተመልከት። ከሰው ደረት መሳቢያዎች ወጥተዋል። ዳሊ ስለ ድብቅ ምኞትና ህልም የጻፈው የሥነ ልቦና ሊቅ የፍሮይድ አድናቂ ስለነበር፣ መሳቢያው የተደበቀ ምኞት ነው ብትል ያስኬዳል። ግን እዚያ አትቁም። አቋቋሙን፣ ይቅርታ፣ አተኛኘቱን እይ። አንገቱን ደፍቷል፤ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። «አትጠጉኝ» የሚል ይመስላል። ገላው ተከፍቶ ሰውየው ይሸሸጋል። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ግጭት ነው እንጂ መሳቢያው ብቻ አይደለም።

ሌላው ሱሪያሊስት ሠዓሊ ማግሪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 ራሳቸው በጨርቅ ተሸፍኖ የሚሳሳሙ ጥንዶች ስሏል። ብዙዎች ገና ልጅ ሳለ ወንዝ ውስጥ ሰምጣ ከሞተችው እናቱ ጋር ያያይዙታል። እሱ ራሱ ይህን ትርጓሜ አልወደደውም። ስለዚህ የሠዓሊውን ታሪክ እወቅ፣ ግን ሁሉን ነገር በእሱ አትፍታ።

አንዳንዴ ደግሞ የታሰበበት ምልክት ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሱሪያሊስቶቹ ወረቀት አጥፈው እየተቀባበሉ አንዱ ራስ፣ ሌላው ሆድ፣ ሦስተኛው እግር የሚስሉበት ጨዋታ ነበራቸው። አንዱ የሌላውን አያይም። እንዲህ ባለ ስዕል ላይ «እግሩ ለምን የወፍ ሆነ?» ብለህ ብትጨነቅ በከንቱ ነው። ይልቅ መጀመሪያ ስታየው ምን እንደተሰማህ ጻፍ፤ ከዚያ ያ ስሜት ስዕሉ ውስጥ ከየትኛው መስመር እንደመጣ ፈልግ።