የቤት መብራት የብየዳ ማሽን ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ለግቢዬ በርና መስኮት ምናምን ልስራበት ብዬ ትንሽ ኢንቨርተር ብየዳ ገዛሁ፣ ላዩ ላይ 200 አምፔር ይላል፣ ቤቴ ያለው ቆጣሪ ደግሞ ሲንግል ፌዝ ነው። ሳሎን ሶኬት ላይ ሰክቼ በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ስጀምር ደህና ይሰራና ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። ጎረቤቴ ብሬከሩን በ32 አምፔር ቀይረው አለኝ፣ ሌላው ስሪ ፌዝ (ባለ ሶስት መስመር መብራት) ካላስገባህ አይሆንም አለኝ፣ የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እባክህ ብሬከሩን ብቻ እንዳትቀይር! ብዙ ጊዜ ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ነው፣ ብሬከሩ 16 አምፔር የሆነውም እሱን እንዲጠብቅ ነው። 32 ካደረግከው ማሽኑ ይሰራልሃል፣ ግን ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ እየጋለ ላስቲኩ ሲቀልጥ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ አንተም የምታውቀው ሲሸት ወይ ሲጨስ ነው።

200 አምፔር የሚለው ማሽኑ ለኤሌክትሮዱ የሚሰጠው ነው እንጂ ከቆጣሪ የሚስበው አይደለም። በ2.5 ኤሌክትሮድ 80 አምፔር ላይ ስትበይድ ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው ወደ 14 አምፔር ነው፣ ይሄን 16ቱ ይችለዋል። በ3.2 ኤሌክትሮድ 120 አምፔር ላይ ስታደርገው ግን የሚስበው ወደ 23 ይጠጋል፣ ብሬከሩ ደግሞ ትንሽ ሲያልፍበት ወዲያው ሳይሆን ሞቆ ነው የሚወርደው፣ ለዛ ነው ጀምረህ ከቆየህ በኋላ የሚያቋርጥህ። የእንጀራ ምጣድም ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ስለሚፈልግ እንጀራ እየተጋገረ አትበይድ፣ ዋናው ብሬከር ሁለቱን ላይችል ይችላል።

ስሪ ፌዝ ለአንተ ማሽን አያስፈልግም። እሱ ለትላልቆቹ ነው፣ የድሮው ከባዱ ባለ ትራንስፎርመር እንኳን በሲንግል ፌዝ የሚሰራ አለ፣ ግን ለዛው 80 አምፔር ከ20 በላይ ስለሚስብ መስመሩን ያስጨንቃል።

ስለዚህ ለቀጭን ላሜራና ቱቦላሬ 2.5 ኤሌክትሮድ ይበቃሃልና በሱ ስራ። 3.2 የግድ ከሆነ ግን ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ከብሬከር ቦርዱ ለብቻው ባለ 6 ገመድ ከነኧርዙ ይዘርጋልህ፣ 32 ብሬከር የሚገባው እዛ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ግን ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድና ዋናው ብሬከር ይችል እንደሆነ ያይልህ። ኤክስቴንሽን ከተጠቀምክ ደግሞ ቀጭኑን ባለ 1.5 ተወው፣ ወፍራሙንም ቢሆን ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍታው፣ እንደተጠቀለለ ከሰራህበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ገመዱ እርስ በርሱ ይጣበቃል።