ግፊት መጨረሻ ላይ ይምጣ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሕንፃ እጥበት ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ ወይም ከላቫጆ ሥራ ተነሥታችሁ፣ የግፊት ማጠቢያ ማሽን በመግዛት የሕንፃ ግድግዳ፣ የግቢ ንጣፍና የጣሪያ ቆርቆሮ ለማጠብ የወጣችሁ ልጆች በየሰፈሩ እየበዛችሁ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን በኮምቦልቻ በፋብሪካ ጥገና፣ ቀሪውን ደግሞ የሕንፃዎችን ውጫዊ ክፍል በማጽዳት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት አብዛኞቻችሁ ማሽኑን የሥራው ሁሉ ባለቤት አድርጋችሁ ስለምታዩት ነው። ማሽኑ ግን ከአራት አንዱ ብቻ ነው።

ኸርበርት ሲነር የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስቀመጠው፣ ማንኛውም እጥበት የሚከናወነው በኬሚካል፣ በጉልበት፣ በሙቀትና በጊዜ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ሲያንስ ጉድለቱን ሌሎቹ መሙላት አለባቸው። እናቶቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ የቆሸሸ ጋቢ ሲያጥቡ ዘፍዝፈው ያቆዩታል እንጂ ደረቁን ይዘው አይደበድቡትም። የግድግዳ እጥበትም ከዚህ አይለይም። ሳትዘፈዝፉ በጉልበት ብቻ ያስለቀቃችሁት ቆሻሻ ቀለሙን፣ ልስኑንና የድንጋዩን ማያያዣ ይዞ ይሄዳል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ስሌት በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊለወጥባችሁ ይችላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጉም ባልተገፈፈበት ግድግዳ ላይ የተረጨ ኬሚካል በቅዝቃዜው ምክንያት ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ረዘም ያለ ጊዜ ልትሰጡት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ በኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ያንኑ ብትረጩ ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቅና ነጭ ምልክት ትቶ ይቀራል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ግድግዳውን አስቀድማችሁ በውሃ አርሱት፤ ጥላ ያረፈበትን ጎን ምረጡ፤ ትንሽ ትንሽ እየከፈላችሁም ሥሩ።

ከፍታው ማሽኑንም ይነካዋል፤ ይህን ግን ሻጩ አይነግራችሁም። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ በላይ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ካርቶኑ ላይ 7 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር ደሴ ላይ ሲነሣ ከሩብ ያላነሰውን አጥቶ ነው። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነም ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ይህን አይታችሁ ሞተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ለከፍታ የሚሆን ጂግለር (የካርቡራተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እንዲገባለት አድርጉ። የኤሌክትሪክ ሞተር በዚህ ረገድ ብዙም አይታማም። የውሃ መሳቡም ነገር እንዲሁ ነው፦ በባሕር ወለል ላይ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ ውሃን ወደ 10 ሜትር ሊስብ ሲችል፣ በደሴ አየር ግን ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ በተግባርማ የግፊት ማሽን ፓምፕ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚስበው። በርሜሉን ከማሽኑ በታች አስቀምጣችሁ ስትሠሩ ፓምፑ የጠጠር ድምፅ ካሰማ ውሃ እየጠማው ነው ማለት ነውና ሮቶውን ወይም በርሜሉን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፤ መግቢያው ላይም ፊልትሮ አይጥፋ።

ማሽን ስትገዙ ዓይናችሁ ባር (የግፊት መለኪያ) በሚለው ቁጥር ላይ ብቻ አይቅር። ባር ቆሻሻውን ይፈነቅላል፤ የተፈነቀለውን አጥቦ የሚያወርደው ግን በደቂቃ የሚወጣው የውሃ መጠን ነው። 150 ባር ሆኖ በደቂቃ 6 ሊትር የሚሰጥ ማሽንና 100 ባር ሆኖ 15 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ቢቀርቡላችሁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝታችሁ ለ600 ስታካፍሉ የመጀመሪያው 1.5 ኪሎ ዋት፣ ሁለተኛው 2.5 ኪሎ ዋት ውሃው ላይ ያደርሳሉ። እኔ ለግድግዳ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ነገር ግን እሱ በሰዓት 900 ሊትር ይጠጣልና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያስኬዳችሁም፤ ይህን ከባለቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፒስተኖቹ የሴራሚክ፣ ጎሚኒዎቹም (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዙት ጎማዎች) እዚሁ ገበያ የሚገኙ መሆናቸውንም አረጋግጡ። የውሃ መርጫ ሽጉጡን ለቅቃችሁ ማሽኑ እየሠራ ወሬ አትያዙ፤ ውሃው ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚግል በደቂቃዎች ውስጥ ጎሚኒውን ያቃጥለዋል።

የኖዝሎቹን (ሽጉጡ ጫፍ ላይ የሚገቡትን የውሃ መውጫዎች) ቀለም እንደ ፊደል እወቁት። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ለሕንፃ አያስፈልጋችሁምና ከሣጥኑ አውጥታችሁ ቤት ተዉት ብል ደስ ይለኛል። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ሲሆን ጥቁሩ ሳሙና በዝቅተኛ ግፊት የሚረጭበት ነው። በነጩ ጀምሩ፤ ከግድግዳው ራቅ ብላችሁ ቁሙና እያያችሁ ቅረቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ቆሻሻውን መለየት። የሆነ ግድግዳ ጠቁሯል ተብላችሁ ስትጠሩ ጥቁሩ ሻጋታ፣ የመኪና ጥላሸት ወይም የዝገት ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የምትለዩበት ዘዴ ቀላል ነው፦ በጠባቂው ቤት በኩል ማንም በማያየው ጥግ ላይ ጥቂት የበረኪና ጠብታ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጥቁሩ ከደበዘዘ ሻጋታ ወይም አልጌ ነው። ንቅንቅ ካላለና በጨርቅ ሲነካ ጣት የሚያጠቁር ከሆነ ጥላሸትና ቅባት ነው፤ በፈሳሽ ሳሙናና ለስለስ ባለ ብሩሽ ይለቃል። ቡናማ ሆኖ ከብረት አጥር ወይም ከቆርቆሮ ሚስማር ሥር ተንጠልጥሎ የወረደ ከሆነ ዝገት ነው፤ ለእሱ ኦክሳሊክ አሲድ እንጂ በረኪና አይጠቅመውም። በአዲስ ግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት የሚታየው ነጭ ነገር ደግሞ ግድግዳው ጨው ማውጣቱ ነው፤ ይህን በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ በውሃ ባጠባችሁት ቁጥር ውስጥ ያለውን ጨው እየጠራችሁ ታወጡታላችሁ።

ለሻጋታ፣ ለአልጌና ለድንጋይ ሽበት በረኪና ይበቃል። ገበያ ላይ ያለው 5 በመቶ ከሆነ አንዱን ሊትር በአራት ሊትር ውሃ ብታቀጥኑት 1 በመቶ ይሆናል፤ ለአብዛኛው ግድግዳ ከዚህ በላይ አትሂዱ። ከታች ወደ ላይ እየረጫችሁ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ በደረቁ ላይ የሚወርደው ፈሳሽ መስመር ይሠራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ቆይቶ፣ ሲታጠብ ግን ከላይ ወደ ታች ይታጠባል። በማሽኑ የሳሙና መሳቢያ በኩል በረኪና ለመርጨት አትሞክሩ፤ መሳቢያው አንዱን እጅ ከአሥር በላይ በሆነ ውሃ ስለሚያቀጥነው ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ምንም አይፈይድም። ገበሬዎች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት መርጫ ይሻላል፤ የአረም መድኃኒት ይዞ የማያውቅ፣ አዲስ ይሁን እንጂ። የድንጋይ ሽበትን ገድላችሁ ተዉት፤ ደርቆ ለመርገፍ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። በግፊት ብትፍቁት ሥሩ ድንጋዩ ውስጥ ቀርቶ መልሶ ይበቅላል። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣልና በተለይ ኮምቦልቻ ውስጥ በጥላ አስቀምጡት፤ ብዙ ገዝታችሁም አታከማቹ።

አሲድን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። በግንባታ ጊዜ የተንጠባጠበ ሲሚንቶን ከሴራሚክ ላይ ለማንሣት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቅም አለው። እምነ በረድንና የኖራ ድንጋይን ግን ይበላል፤ የአሉሚኒየም መስኮትንም ያጠቁራል። የድንጋዩን ዓይነት ካላወቃችሁ አንዲት ጠብታ አድርጉ፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ አሲዱን መልሳችሁ ወደ መኪናው ውሰዱ። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስስም። ከሁሉ በላይ አሲድና በረኪና አይገናኙ። «ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ ይበረታሉ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሲገናኙ የሚወጣው ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ነው። መርጫውን እንኳ ለየብቻ አድርጉና በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ በአንድ ቀንም በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለቱን አትጠቀሙ። ስሙ ያልተጻፈበት የአሉሚኒየም ማጽጃ በጀሪካን ሲሸጥላችሁ አትግዙ፤ እንዲህ ያለው አንዳንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት፤ ቆዳን አልፎ ገብቶ እስከ አጥንት የሚጎዳ፣ ሕመሙም ዘግይቶ የሚሰማ ነገር ነው።

የውሃውንም ጉዳት አትናቁ። ጎማው የት ላይ እንደሚያፈስ በጣት እየዳሰሰ የሚፈልግ ልጅ አይቼ ሮጬ ማሽኑን ያጠፋሁበት ቀን አለ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ውሃ ቆዳን ቀድዶ ይገባል፤ ከውጭ የሚታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ስለሆነች ሰው ፕላስተር ለጥፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ውስጡ ግን እየሞተ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም «በከፍተኛ ግፊት ውሃ ገብቶብኛል፣ ኬሚካልም ነበረበት» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። የዓይን መከላከያ፣ የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ ለሥራው የተያዘው ገንዘብ አካል ናቸው። የኤሌክትሪክ ማሽን ደግሞ ያለ ግራውንድ አይነሣም፤ መሰላል ላይ ቆሞም ሽጉጥ አይተኮስም፣ ወደ ኋላ ይገፋልና።

እምቢ የምትሉት ሥራም ይኑራችሁ። የጭቃ ልስን በግፊት አይታጠብም። የአስቤስቶስ ክዳን ፈጽሞ አይነካም፤ ግፊቱ የሚያስለቅቀው ደቃቅ ቃጫ ወደ ሳንባ የሚገባ ነው። እንደ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎች የቅርስ ባለሙያ ጉዳይ ናቸው፤ ክፍያው ቢያጓጓችሁም ለእነሱ ተዉ። የአልኮቦንድ (የሕንፃ ፊት የሚለበስበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ) መጋጠሚያዎች ሲሊኮን ስለሆኑ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ሥሯቸው። ኮብልስቶንን በቅርብ ከመታችሁት በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ይወጣና በቀጣዩ ክረምት መንገዱ ይነቃነቃል፤ ራቅ ብላችሁ በነጩ ኖዝል፣ በሰያፍ እጠቡ።

ታጥቦ የሚወርደው ውሃም መድረሻ አለው። ከኮምቦልቻ ቦዮች የወጣው ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከናም ወደ ጨፋ ሜዳ ወርዶ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። ዘይትና ግራሶ ያለበትን ንጣፍ ከማጠባችሁ በፊት ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በትናችሁ አስመጥጡት፤ ጠርጋችሁም ለብቻ አንሡት። ከበረኪና ሥራ በፊት በግድግዳው ሥር ያሉ አበቦችን በውሃ አጠግቡ፤ ከሥራው በኋላም ደግማችሁ አጠቡላቸው።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም። በካሬ ሜትር ተነጋገሩ፣ ከመነጋገራችሁም በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ታጥቦ ይታይ፤ በተለይ ለመውሊድ ወይም ለጥምቀት ይድረስልኝ የሚል ባለቤት ሲያጣድፋችሁ። የሙከራው ቦታ ከደረቀ በኋላ ባለቤቱ አይቶ ይስማማ፤ ፎቶ አንሡ፤ የተጠቀማችሁበትን ኬሚካል፣ የቀጠነበትን መጠንና ያቆያችሁበትን ደቂቃ ደብተር ላይ ጻፉ። «ቀለሜን ላጣችሁብኝ» የሚል ክርክር ቢመጣ ደብተሩና ፎቶው ይመልሱላችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ግድግዳ ሲጠራችሁም ከባዶ አትጀምሩም። ማሽኑን ስታቆሙ ደግሞ ጎማውን፣ ሽጉጡንና የሳሙና መሳቢያውን በንጹሕ ውሃ አሳልፉ፤ በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ፓምፑ ውስጥ ውሃ አታሳድሩ።