አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት፦ ከአንድ ጡረተኛ ኦዲተርና የኳስ ደጋፊ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን ኳስ በሚታይበት ቤት፣ የልጅ ልጆቼ ልትሆኑ በምትችሉ ወጣቶች መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። በእረፍቱ 15 ደቂቃ ውስጥ አሰልጣኙ መባረር እንዳለበት ተወሰነ፤ አንድ ሚኒስትር ሌባ ተባለ፤ አንዲት ዘፋኝ ከእንግዲህ አበቃላት ተባለ፤ አንድ ከተማ ደግሞ ከነሕዝቡ “እዚያማ ምን ሰው አለ” ተብሎ ተፈረደበት። ይህን ካሉት መካከል ከተማውን የረገጠ አንድም አልነበረም። ከዚያም ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ በአክብሮት ዞር ብሎ “አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” ሲል ጠየቀኝ። ሁለተኛው አጋማሽ ስለ ጀመረ መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ያ ልጅ፣ ከእርሱም ጋር የተቀመጣችሁት ሁሉ፣ መልስ ስለሚገባችሁ ነው።

እኔ 34 ዓመት በሒሳብ ምርመራ ሥራ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ “አስተያየት” ቀላል ቃል አይደለም። ኦዲተር ደረሰኝን ከመዝገብ፣ መዝገብን ከባንክ መግለጫ እያመሳከረ፣ ግምጃ ቤት ገብቶም በሞዴል 19 ቅጽ ገባ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጣ የተባለውን ዕቃ በእጁ እየነካ ሲቆጥር ከከረመ በኋላ፣ በሪፖርቱ ላይ የሚያሰፍራት አጭር አንቀጽ ናት “የኦዲት አስተያየት” የምትባለው። ሒሳቡ ንጹሕ ከሆነ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ይሰጣል፤ ጉድለቱ የተወሰነ ከሆነ “ከዚህ ጉዳይ በስተቀር” ብሎ ይጽፋል፤ ሒሳቡ በጠቅላላው የተዛባ ከሆነም ያንኑ በግልጽ ይናገራል። አራተኛም መንገድ አለ። ማስረጃው ካልቀረበለት ወይም የቀረበው ካልበቃው “አስተያየት ለመስጠት አልቻልሁም” ብሎ ስሙን ይፈርማል። ጀማሪ ሳለሁ ይህ አራተኛው የሰነፍ ማምለጫ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ሁሉም ሰው “ታዲያ ምን አገኘህ?” እያለ ከበር ላይ በሚጠብቅበት ሰዓት “የሚያስፈርደኝን ነገር አላየሁም” ብሎ መውጣት ከአራቱ ሁሉ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ መሆኑን በሥራዬ ተማርሁ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ቤት ያጣሁት ይህንን አራተኛውን መንገድ ነው።

ስለ ክለባችሁ ፍቅር ግን ማንም ደረሰኝ አይጠይቃችሁ። እኔ የምደግፈውን ክለብ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ብጽፈው ከእናንተ ግማሾቹ የቀረውን በሌላ ዓይን ታነቡታላችሁና። ያወረሰኝ አባቴ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ እርሱ ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ያየውን እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖረ። እኔን ወደ ካታንጋ ይዞኝ መግባት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ እያልን የምንጠራቸው የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዜማና የራሳቸው ጠባይ ነበራቸው፤ ካታንጋ ግን የድሀው ቦታ ስለነበር በዝናብም በፀሐይም ዘፈኑ አይቋረጥም ነበር። በ1980 ዓ.ም. በሴካፋ፣ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍ እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርሁ። ባረፍሁበት አልቤርጎ ግቢ ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንዲት ትራንዚስተር ከብበን፣ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እየሰማን፣ የመጨረሻዋ ምት ስትቆጠር ከማን ጋር እንደተቃቀፍሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ምርመራ አያስፈልገውም። “ክለቤ ከሁሉ ይበልጣል” የሚል ሰው ስለ ፍቅሩ እየመሰከረ ነውና ማንንም አልበደለም።

ችግሩ ያ የደጋፊ አንደበት ሳይታወቀን ከስታዲየሙ ተከትሎን ሲወጣ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ መጨረሻው ዙር አለፍን ብለን ጎዳናውን ሞላነው። ደስታው ሳይበርድ ቀደም ሲል ቦትስዋናን በረታንበት ጨዋታ የተሰለፈ አንድ ተጫዋች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት መሰለፍ እንዳልነበረበት ተሰማ። በሠፈሬ፣ በታክሲው፣ በመሥሪያ ቤቱ ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ ፊፋ ጠምዶን ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ከፍላ ነው፣ ትልልቆቹ ትንሽ አገር እንዲያልፍ አይፈልጉም ተባለ። ሁሉም በእርግጠኝነት ይናገር ነበር። እውነቱ ግን እንደ ቆጠራ ሥራ ደረቅ ነበር፤ በእኛው በኩል የተጫዋቾችን ካርድ መዝግቦ መቁጠር የነበረበት አካል አልቆጠረም። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ፤ 3 ነጥብ ሄደብን። ልጆቹ በቀረው ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ረትተው ባያልፉ ኖሮ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያን እንኳ ለመግጠም ባልበቃን ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ያዘንሁት ስለ ነጥቡ ብቻ አልነበረም። አንዲት ቢጫ ካርድ በደብተር አለመጻፏ ያስከተለውን ጥፋት ለመረዳት የሚበቃ ማስረጃ በእጃችን እያለ፣ የሩቅ ጠላት ፍለጋ መሄዳችን በሙያዬ የማውቀው በሽታ ስለሆነ ነው። ጉድለት የተገኘበት ግምጃ ቤትም መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ሌባ ነው፤ ያልተጻፈው ሞዴል 22 ትዝ የሚለው ኋላ ነው። አባቶች “ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት” ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

“ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም” እያሉ የሚመክሯችሁ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ እኔ እንደነርሱ አልልም፤ ሁልጊዜም ሲገናኙ ኖረዋልና። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ አራተኛዋ ተሳታፊ ልትሆን የነበረችው ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ቀረች፤ ከእርሷ ጋር የተደለደልነው እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ አልፈን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይህን አፓርታይድን የመቃወም አቋም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ውስጥ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት እየመሩ እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ አንድ ጊዜም ሳያላሉ ይዘውት ኖሩ። እርሳቸው ተጫውተዋል፣ አሠልጥነዋል፣ ሕግ አርቅቀዋል፤ የተናገሩት የሚያውቁትን ነው፤ ዋጋውንም ከፍለውበታል። የፖለቲካ አስተያየት ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የእኔንም ልንገራችሁ። በ1968 ዓ.ም. አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስትቀር ምሩጽ ይፍጠር በጥሩ ዕድሜው ላይ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ባያመጣ ኖሮ ያ ቁጭት ከእርሱ ጋር ይቀበር ነበር። ቢሆንም ስለ ዘር መድልዎ ተብሎ የተከፈለ ስለሆነ ሞንትሪያልን አልኮንንም። ሎስ አንጀለስንና ሴኡልን ግን በዚያ ሚዛን ላይ ላስቀምጣቸው አልችልም። በ1976ም በ1981ም ዓ.ም. የቀረነው በሌሎች ጠብ ውስጥ ወገን ይዘን ነው፤ ዕድሜያቸውን በልምምድ የጨረሱ የእኛ ልጆች ምንም ሳይጠየቁ ተሠዉ። ይህ የእኔ “በስተቀር” ያለበት አስተያየት ነው። አባቴ በዚህ ከእኔ ጋር አይስማማም ነበር፤ ምክንያቱን ግን ተራ በተራ ተነጋግረንበታል።

ያንን ሚኒስትር ሌባ ያላችሁትም እንዲሁ ነው። ልትክሱ ከፈለጋችሁ የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት አንብቡ፤ በየትኛው መሥሪያ ቤት ምን ያህል ሒሳብ ሳይወራረድ እንደቀረ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ፣ በሜዳችን የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነበር፤ የእኛ ሜዳዎች የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አላሟሉምና። ከአባቴ ዋንጫ 60 ዓመት በኋላ ግብፅን ስናሸንፍ አንድ የካታንጋ ደጋፊ እንኳ ሊያይ አልቻለም። ስለዚህ ነገር ተቆጡ፤ እኔም እቆጣለሁ። ነገር ግን “በልተውት ነው” ብላችሁ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ለየትኛው ስታዲየም ስንት ተመደበ፣ ሥራው የት ደረሰ፣ ማን ተረከበው ብላችሁ ጠይቁ። ሰባት ወጣቶች እንዲህ ብለው በጽሑፍ ቢጠይቁ አንድ ስታዲየም ሙሉ ሰው ከሚሳደበው ይልቅ የሚፈራ ኃላፊ እንዳለ ከልምዴ እነግራችኋለሁ።

ስለ ዘፋኟ ብዙ አልልም። ዜማዋ ካልጣማችሁ አልጣማችሁም፤ ጆሮ የራስ ነው። ስለ ትዳሯና ስለ ቤቷ ግን አንዳችን ያየነው ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ስለዚያ ከተማ የተባለው ነው፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ብያለሁና። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ክለባችን ከከተማ ውጭ ሲጫወት ተከትዬ ሄጄ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ጠብ ተነሣ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ እኛም ተረግጠን ተገፍተን አውቶቡሳችን ውስጥ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ከተማ ሰው ስሙ ሲነሣ “አውሬ ናቸው” ማለት ልማዴ ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል በየቡና ቤቱ፣ በየሠርጉ እንዲህ አልሁ፤ የሰሙኝም ሰዎች እዚያ የነበርሁ የዓይን ምስክር ስለሆንሁ አመኑኝ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቴ ወደዚያው ከተማ ለስድስት ሳምንት ምርመራ ላከኝ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ረጋ ያለ፣ ቁልፎቹን በሲባጎ አስሮ ከቀበቶው የሚያንጠለጥል ሰው ነበር። ቆጠራ ስንጀምር አንድም ዕቃ ሳይዛነፍ፣ ከምስማር ኪሎ እስከ ታይፕራይተር ቀለም ድረስ ከካርዱ ጋር ገጠመ፤ እንዲህ ያለ ግምጃ ቤት በሥራ ዘመኔ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው ያየሁት። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ቤቱ ምሳ ጠራኝ። ባለቤቱ ቡና ስታፈላ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጃቸው ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቄጤማ ይቆራርጥ ነበር፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ የጣት ስፋት የምታህል ጠባሳ አለችበት። ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቅሁ። አባትየው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ “ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ክለብ መጥቶ የተጫወተ ዕለት ነው፤ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ከእንግዶቹ ወገን የመጣ ድንጋይ ነው” አለኝ። ቀኑን ጠየቅሁት። ያ ቀን ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ከእኛ ወገን ሰዎች ድንጋይ ሲለቅሙ አይቼ ነበር፤ ማየቴን ግን እዚያች ክፍል ውስጥ እስክቀመጥ ድረስ አላስታወስሁትም።

ጀበናው ሁለተኛ እስኪፈላ ድረስ መናገር አልቻልሁም። ከዚያ እዚያ እንደነበርሁ፣ የየትኛው ወገን እንደነበርሁም፣ ስለ ከተማቸው ምን ስል እንደከረምሁም ነገርሁት። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና “እኔም ስለ እናንተ እንዲሁ ስል ነው የከረምሁት፤ ሰኞ ግን ሥራ አለን” አለኝ፤ ባለቤቱም ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ደመወዝ ስታገኙ ሁሉንም ለማሊያና ለውርርድ አታድርጉት፤ ከፊሉን ለመሳፈሪያ አስቀምጡት። ክለባችሁ ሲሄድ ተከትላችሁ ሂዱ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን በዚያው አውቶቡስ አትመለሱ። አንድ ቀን አድራችሁ ገበያውን እዩ፤ ከተቻላችሁ የአንድ ሰው ቤት ገብታችሁ ቡና ጠጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዳንድ ክልሎች ክለቦች እርስ በርስ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ እስከ መወሰን ስንደርስ ያዘንሁት ለዚህ ነበር፤ የሰው ቤት የሚወስደው መንገድ ያን ጊዜ ተዘጋ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ስለ አሰልጣኙ አስተያየት ለመስጠት አልቻልሁም፤ ልምምዱን አላየሁም፣ የተጎዱትን ተጫዋቾች ዝርዝር አላውቅም። ስለ ከተማው ግን አውቃለሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበረው ያ ሰው እንደኔው ጡረታ ወጥቷል፤ ሁለቱ ክለቦች በተገናኙ ቁጥር ስልክ ይደውልልኛል። ጠባሳ ያለበት ልጁ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ እኔ የክለቤን ማሊያ፣ እነርሱ የክለባቸውን ለብሰን አንድ አግዳሚ ላይ ልንቀመጥ ተቀጣጥረናል፤ መምጣት ከፈለግህ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ፤ ማደሪያም አለህ።