በ17 ዓመት ወደ አሜሪካ ጦር መግባት፦ የወላጆችና የወጣቶች ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የሚመለከቱት በተራ ወታደርነት የሚገባን እንጂ በመኮንንነት የሚገባን አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመት ሞልቶታል፣ ገና 11ኛ ክፍል ነው። እኔ ሳልፈርም ሊወስዱት ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም እናቴ። 18 ሳይሞላው ለመግባት የአሳዳጊ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ነው። ከ17 በታች ግን ወላጅ ቢፈቅድም አይቻልም። አባትና እናት ሁለታችሁም አሳዳጊ ከሆናችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። አንዱ በሞት ከተለየ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ አሳዳጊነቱ ለአንዳችሁ ብቻ ከተሰጠ፣ ያው በማስረጃ ተረጋግጦ አንድ ፊርማ ይበቃል። ያለ ፈቃዳችሁ ተመዝግቦ ከተገኘና 18 ካልሞላው፣ በተመዘገበ በ90 ቀን ውስጥ አመልክታችሁ ታስለቅቁታላችሁ፤ ሕጉ ይህን መብት ሰጥቷችኋል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምታምኑት ሰው ቁጭ ብሎ እስኪያነብላችሁ ድረስ አትፈርሙ። መልማዩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

አብዛኛው ተማሪ ስልጠና የሚሄደው ሃይስኩል ከጨረሰ በኋላ ነው። በናሽናል ጋርድ (የየስቴቱ ብሔራዊ ዘብ) እና በሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ግን ስልጠናውን ለሁለት ከፍሎ፣ መሠረታዊውን ከ11ኛ ወደ 12ኛ ክፍል በሚያልፍበት ክረምት የሚወስድበት አሠራር አለ። የልጅዎ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የልደት ማስረጃዬ ላይ ታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ይላል። ዕድሜዬ በየትኛው ነው የሚቆጠረው?

መልስ፦ በፈረንጆቹ። የአንተ ልደት ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነው፤ 17 የሞላህ ጃንዋሪ 3 ቀን 2026 ነው ማለት ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ወረቀት ላይ ቀኑ ሳይቀየር እንዳለ ሲገለበጥ ነው። ያኔ ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ትሆናለህ። ስምም እንዲሁ ነው፦ በፓስፖርትህ የአያትህ ስም መጨረሻ ላይ ሆኖ በትምህርት ቤት የአባትህ ከሆነ የማጣራቱ ሥራ ይጓተታል። ግሪን ካርድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ዲፕሎማህን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፊደል በፊደል አስተያይ። ልዩነት ካለ መልማዩ ዘንድ ከመሄድህ በፊት አስተካክል።

ጥያቄ፦ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። ይቀበሉኛል?

መልስ፦ አዎ። እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ አለብህ። ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የጀርባ ማጣሪያው ሳይጠናቀቅ ወደ ስልጠና አይላክም፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሥራህን ቸኩለህ አትልቀቅ። የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች፣ ለምሳሌ የመረጃ ክፍል፣ ዜጋ እስክትሆን ዝግ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዜግነቱስ ወዲያው ነው?

መልስ፦ አምስት ዓመት አይጠበቅም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ያለው ጊዜ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ እንደ ጦርነት ጊዜ ስለተሰየመ፣ በክብር እያገለገሉ ያሉ ሰዎች ቶሎ ማመልከት ይችላሉ። ኤን 400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ትሞላለህ፤ ኤን 426 በሚባለው ቅጽ ላይ ደግሞ ክፍልህ አገልግሎትህን ያረጋግጥልሃል። ክፍያ የለውም። ነገር ግን አምስት ዓመት በክብር ሳታገለግል በመጥፎ ስንብት ከወጣህ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል። የአሜሪካ ዜግነት ስትወስድ ኢትዮጵያዊ ዜግነትህ በአገራችን ሕግ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠቀመው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ አስቫብ (የጦሩ መግቢያ ፈተና) ላይ 31 ማምጣት ማለት ከመቶ 31 ጥያቄ መመለስ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከመቶ ተፈታኝ 31ዱን ያህል እኩል ሆነህ ወይም በልጠህ ተገኝተሃል ማለት ነው። ለምድር ጦር የተለመደው ዝቅተኛ ነጥብ ይህ ነው፤ በጂኢዲ (በሃይስኩል ዲፕሎማ ምትክ በፈተና በሚገኝ ምስክር ወረቀት) የሚገባ ግን ብዙ ጊዜ 50 ይጠየቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጡ ልጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ፦ ነጥቡ ሲሰላ የቃላትና የንባብ ውጤት በሁለት ተባዝቶ ነው ከሁለቱ የሒሳብ ክፍሎች ጋር የሚደመረው። ሒሳብ የሚችል ልጅ የሚወድቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ በፊት ቃላት አጥና። ከወደቅህ አንድ ወር ጠብቀህ ትደግማለህ፣ እንደገና አንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ስድስት ወር ነው። ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ጥያቄ፦ በ14 ዓመቴ አስም ነበረብኝ። መልማዩ «አትጥቀሰው» አለኝ።

መልስ፦ ጥቀሰው። ከ13ኛ ልደት በኋላ የታየ አስም ይከለክላል፣ ግን በልዩ ፈቃድ የሚያልፉ አሉ። ከ2022 ጀምሮ የምርመራ ጣቢያዎቹ የሕክምናና የመድኃኒት ታሪክህን በኮምፒውተር ያወጡታል። ደብቀህ ብትገባና ቢገኝ በማጭበርበር መግባት ተብሎ በወታደራዊ ሕግ የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ መልማዩ «እኔ አላልኩም» ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ፣ የምሄደው ከአራት ወር በኋላ ነው። ሐሳብህን ብትቀይር እስር ቤት ትገባለህ ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። ወደ መደበኛው ጦር ለሚገባ መሐላው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በተጠባባቂነት ያስመዘግብሃል፤ ግዴታ ውስጥ የሚያስገባህ ወደ ስልጠና በምትሄድበት ቀን የምትፈጽመው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በፊት መሄድ እንደማትፈልግ በአጭር ደብዳቤ ገልጸህ፣ ለምልመላ ክፍሉ አዛዥ ልከህ ቅጂውን ያዝ። «ቢሮ ና እና እንነጋገር» ቢሉህ የመሄድ ግዴታ የለብህም። ከሁለተኛው መሐላ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ኮንትራቱ በድምሩ ስምንት ዓመት ነው፣ ከፊሉ በሥራ ላይ ከፊሉ በተጠባባቂነት። በቃል የተገባልህ ቦነስ፣ የሥራ ዓይነት ወይም የምድብ ቦታ ከኮንትራቱ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ የለም። ቅጹ ራሱ በግልጽ እንዲህ ይላል፤ ያን አንቀጽ ፈልገህ አንብበው።

ጥያቄ፦ የቤታችንን ስልክ ከየት አገኙት?

መልስ፦ ከትምህርት ቤቱ ሊሆን ይችላል። ሃይስኩሎች የተማሪን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለመልማዮች እንዲሰጡ ሕግ ያዛል። ወላጅ በጽሑፍ «አትስጡ» ካለ ግን ያቆማሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 18 ሲሞላው ሰሌክቲቭ ሰርቪስ ይመዘገባል ተባልኩ። ወታደር አደረጉት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ግሪን ካርድ ያላቸውም ጭምር፣ የሚካተቱበት የስም መዝገብ ነው። በግዳጅ መመልመል ከ1973 ወዲህ የለም።